ለኦጊሃራ ሳን የትኛው ይዘፈን

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ጆይሊን መጋረጃዋን ዘግታ፣ ብርድ ልብሷን እስከ አፍንጫዋ ስባ ተጋድማለች፤ እንቅልፍ ግን ወይ ፍንክች። ሌሊቱን አስራ ስምንት አዛውንት ስታገላብጥ፣ ውኃ ስታጠጣ፣ መጸዳጃ ቤት ስታደርስና ስትመልስ ያደረች ሰው እንደ ግንድ መውደቅ ነበረባት። እግሯ ተኝቷል፣ ወገቧ ተኝቷል፣ ጭንቅላቷ ብቻ እንደ ገበያ ይንጫጫል። የሚንጫጫው ስለ ቁም ነገር ቢሆን ባልከፋት፤ ስለ ዘፈን ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ናጋኦካ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ካለው፣ ሰው በማሽን ታጅቦ ራሱ ከሚዘፍንበት ካራኦኬ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆማ የሀያሴ ሪትሱኮን አንድ ዘፈን ለኦጊሃራ ሳን ትዘፍናለች። የትኛውን? ይኼን ነው ማንም የማይነግራት። ሀያሴ ሪትሱኮ አርባ አምስት ዓመት ዘፍናለች፤ ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ ናት የምትሠራው፤ ሴትዮዋ ድካም የሚባል አታውቅም፤ በየዓመቱ አንድ አልበም፣ በየአልበሙ አስር ዘፈን፣ በየዘፈኑ ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው ትቶ ይሄዳል። ምናለ አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ቢመጣ! አንድ ጊዜ በር ተንኳኩቶ፣ ተከፍቶ፣ ‘ግቢ፣ ራት ደርሷል’ ቢባል ዜማው ይሰበር ነበር?

ኦጊሃራ ሳን፣ ‘ሳን’ እዚህ አገር የአክብሮት መጠሪያ ነው፣ የመጦሪያ ቤቱ የሁለተኛ ፎቅ ኃላፊ ናቸው፤ ከዛሬ ጀምሮ ‘ነበሩ’ ሊባል ነው። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናቸው፤ አጭር ናቸው፤ ከእሳቸው የሚከብዱ ሰዎችን እንደ ትራስ ያነሳሉ። የዛሬ ስድስት ዓመት ጆይሊን ከአገሯ ከኢሎኢሎ ስትመጣ ጃፓንኛዋ ከ‘ደህና አደሩ’ አያልፍም ነበር፤ ሰው ሳያመው እንዴት እንደሚገለበጥ፣ አልበላም ያለ ሽማግሌ እንዴት በቁጣ ሳይሆን በቀልድ እንደሚጎርስ፣ ማን ምን ያህል በላ ተብሎ በየቀኑ በመቶኛ የሚጻፈው ቅጽ እንዴት እንደሚሞላ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ‘ሁለት ማንኪያ ሩዝ ስንት በመቶ ነው?’ ብላ ስትጠይቅ፣ ‘አምና የበላውን ታውቂያለሽ? አታውቂም። እንግዲያው አስር በመቶ በዪ’ ይሏታል። መንግሥት ለሚሰጠው የአስታማሚነት ፈተና ስታጠና በምሳ ሰዓት ከአጠገቧ ተቀምጠው ሩዛቸውን እየጎረሱ ጥያቄ ያነቡላታል። በጥር ተፈተነች፤ ከቀናት በፊት ውጤቱ መጣ፤ አልፋለች። ያለፈች ዕለት ግን ለኦጊሃራ ሳን አልነገረችም። ከሌላ ሰው ነው የሰሙት። ምክንያቱም ያኔ አኩርፋቸው ነበር።

ማኩረፏን ስታስታውስ ትራሱን ትገለብጠዋለች። የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው፤ ጠዋት፣ ተረኛ ከተረኛ ሲረካከብ፣ ኦጊሃራ ሳን መዝገቡን ዘግተው፣ ‘በዚህ ወር መጨረሻ ሥራ እለቃለሁ፤ ወደ አኪታ፣ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ጋዙን እያበራች መርሳት ጀምራለች’ ይላሉ። ሁሉም አጎነበሰ። ዳይሬክተሩ ኩሮዳ ሳን፣ ‘እንዴት ያሉ ጥሩ ልጅ ነዎት!’ አሉ። ወጥ ቤት የምትሠራው ሚትሱዬ ሳን ዓይኗን ጠርጋ፣ ‘ለእናት ከመድረስ የሚበልጥ ምን አለ’ አለች። ጆይሊን ፎጣ እያጠፈች ነበር። ማጠፏን ሳታቆም፣ ‘ታዲያ እኔን ማን ሊያስተምረኝ ነው?’ አለች። ጮክ ብላ ነው ያለችው። እንዴት ያለ አፍ ነው! ሰው ለእናቱ እሄዳለሁ ሲል እሷ ስለ ራሷ ትጠይቃለች፤ እሷ፣ የገዛ እናቷ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ሁለት ዓመት የሆናት፣ አንድ ቀን እንኳ ያላጠበቻት፣ የሰው እናት ግን በቀን ስድስት የምታጥብ። እሷም ፎጣዋን ታቅፋ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ለኦጊሃራ ሳን ከ‘እሺ’ ሌላ ቃል አልወጣትም። ይቅርታ መጠየቅ እየፈለገች ‘እሺ’ ትላለች፤ ማልቀስ እየፈለገች ‘እሺ’ ትላለች። ሳምንቱ ሳያልቅ ኦጊሃራ ሳን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ቁም ሳጥናቸውን እየቆለፉ፣ ዞር ሳይሉ፣ ‘ለስንብቱ ከሀያሴ አንድ ዘፈን ትዘፍኝልኛለሽ። የትኛውን እንደሆነ አንቺው ምረጪ’ አሏት። ‘እሺ’ አለች። እሺ! ሌላ ምን ልትል!

አሁን ይኸው፣ ይህ ዘፈን ካልሆነ ሌላ ዕድል የላትም። ባቡሩ አስራ አንድ ከሃምሳ ላይ ይሄዳል። ከዘጠኝ እስከ አስራ አንድ ሁለት ሰዓት አለ፤ በዚያ ላይ ኩሮዳ ሳን ንግግር ያደርጋሉ፤ የኩሮዳ ሳን ንግግር እንደ ክረምት በረዶ መቼ እንደሚያባራ አይታወቅም። የሚቀራት አንድ ዘፈን ነው። በዚያ አንድ ዘፈን ሁለት ሳምንት ያላለችውን ሁሉ ማለት አለባት፤ ያውም በሌላ ሰው ቃል።

ስልኳ ትራሷ ሥር ይንቀጠቀጣል። ታካቶ ነው። ታካቶ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ የመጦሪያ ቤቱ ትንሹ ሠራተኛ ስለሆነ ድግስ ማዘጋጀት የእሱ ዕጣ ነው፤ ማን ምን እንደሚዘፍን ዝርዝር ይዞ ሁሉንም በጽሑፍ ያሳድዳል። ‘ጆይ ሳን፣ ያንቺ ብቻ ነው የቀረኝ።’ ‘የክረምት ጀልባ የሚለውን ልያዝ?’ ብላ ትጽፋለች። መልሱ ሳትጨርስ ይደርሳል። ‘በእግዜር! እሱ የኩሮዳ ሳን ነው።’ አዎ፣ ረስታው ነው፤ ኩሮዳ ሳን አስራ አንድ ዓመት በየድግሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ያን ጀልባ ይቀዝፉታል፤ የሰው ዘፈን ደግሞ እንደ ሰው ጥርስ ብሩሽ ነው፣ አይነካም። ‘ሚያዝያን አትቁጠሪ’ስ? ‘ቆንጆ ነው፤ ትደርሺበታለሽ?’ አትደርስበትም፤ ማሽኑ ላይ ዜማውን ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ አለ፤ አራት ጊዜ ዝቅ ስታደርገው ድምጿ የተናደደ በሬ ይሆናል። ‘ነጭ መሃረብ’? ‘የእኛ ሽማግሌ ሀሺሞቶ ሳን የተቀበሩ ዕለት የተዘፈነ ነው፤ ሚትሱዬ ሳን ታለቅሳለች።’ ሚትሱዬ ሳን በምን አታለቅስም! ‘የእናቴ መስኮት’? ታካቶ ላብ የሚያንጠባጥብ የፊት ምስል ብቻ ላከ። ገብቷታል። ገብቷታል፤ ወደ እናቱ ለሚሄድ ሰው ስለ እናት አይዘፈንም፣ ብርቱካን ለሚያመርት ሰው ብርቱካን እንደ መውሰድ ነው። እንግዲያው በቢራ ማስታወቂያ ላይ የወጣውን፣ ሕፃን አዋቂው የሚያውቀውን? ‘ይቻላል’ ይላል ታካቶ፣ ‘ግን እሳቸው ሠላሳ ዓመት የአድናቂዎቿ ማኅበር አባል ናቸው። ለእሳቸው ያንን መዝፈን ለዓሣ አጥማጅ የቆርቆሮ ዓሣ መስጠት ነው።’ ስልኩን ግድግዳው ላይ ልትወረውረው ትፈልጋለች። ይህ አገር ለቆሻሻ ስድስት ዓይነት ከረጢት አለው፤ ዛሬ ጠዋት እንኳ ከሥራ ስትመለስ ጎረቤቷ የጠርሙሱን ክዳን ለይተሽ ጣይ ብለው ወረቀት ለጥፈውላት ነበር፤ ዘፈኑም እንደዚያው ነው፤ የማይቀላቀል፣ የማይነካ፣ በዚህ ቀን የማይወጣ። ስድስት ዓመት ኖራ ሁሉንም ተምሬአለሁ ስትል አንድ ያልተማረችው ከረጢት ብቅ ይላል።

ለእህቷ ትደውላለች። ለምን እንደምትደውል አታውቅም።

“አቴ፣ ምነው? ደህና አይደለሽም እንዴ?” ኔሪሳ ታናሿ ናት፤ በአገራቸው ወግ ታላቋን በስሟ ሳይሆን ‘አቴ’ ብላ ትጠራታለች።

“ደህና ነኝ። ዘፈን ጠፍቶኝ ነው።”

“ምን ጠፍቶሽ?”

“ዘፈን። ለአለቃዬ ስንብት የምዘፍነው።”

ከወዲያ በኩል የሰው ጫጫታ፣ የሕፃን ልቅሶ፣ ቁጥር የሚጠራ ድምፅ ይሰማል። “እኔ እማዬን ይዤ ሐኪም ቤት ነኝ” አለች ኔሪሳ በመጨረሻ። “ከንጋቱ አስር ሰዓት ጀምሮ። ሰባ ሦስተኛ ነን። አርባኛው አልተጠራም። አንቺ ዘፈን ጠፋሽ።”

“አንቺ እኮ ጥሩ ልጅ ነሽ፣ ኔሪሳ።”

“አትጀምሪኝ፣ አቴ። ቆይ፣ እማዬ ልታናግርሽ ነው።”

የእናቷ ድምፅ ከአፏ አንድ ወገን ብቻ ይወጣል። “በላሽ?”

“በልቻለሁ፣ እማዬ።”

“ምን?”

“ሩዝ።”

“ሩዝማ እዚህም አለ” አለች እናቷ፤ ስልኩም ተዘጋ፤ ወይ ቁጥር ተጠርቶ ነው፣ ወይ ሌላ የሚባል ስላልነበረ።

አምስት ሰዓት። ስድስት ሰዓት። መንገድ ዳር የተከመረው የመጋቢት በረዶ እየቀለጠ ከጣሪያው ጠብ ጠብ ይላል፤ አንዱን ጠብታ ስትቆጥር ሌላው ያመልጣታል። ጥሩ ልጅ። ኦጊሃራ ሳን ጥሩ ልጅ ናቸው፣ ኔሪሳ ጥሩ ልጅ ናት፣ ጆይሊን ብቻ ናት የሰው ጀርባ እያጠበች የቀረችው። የሰው ጀርባ ስትል ነው የመታጠቢያው ክፍል የመጣባት፤ እንፋሎቱ፣ ነጩ ጡብ፣ ኦጊሃራ ሳን ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው፣ የማን እንደሆነ የማታስታውሰውን ጀርባ እያሹ ያንጎራጉራሉ። ሁልጊዜ አንድ ዘፈን ነው። አንድ አንጓ ለጀርባ፣ አንድ አንጓ ለእግር፤ ከዚያ ውኃ ይደፋና ያልቃል። ጆይሊን ሳታስበው አጥንታዋለች፤ ቃሉን ከማሽኑ ማንበብ አያስፈልጋትም፤ እዚህ አገር ከማንም ሳትማር፣ ሳትፈተንበት የገባት ብቸኛው ነገር እሱ ነው። ‘ያንቺ ጃንጥላ’ ይባላል። አንዷ ሴት አብራት የምትኖረው ትታት ስትሄድ የምትለው ነው።

ሂጂም አልልሽ፣ ቆይልኝም አልል፣
ስኒሽን ግን እኔ አላጥብም፣ ባለበት ይዋል።

ዝናብ ቢያገኝሽ ድልድዩ ጋ፣ ደስ ይለኛል፣
ጃንጥላሽ እኔ ጋ ነው፤ ደርቆ ተሰቅሏል።

ቁጣ አለበት። ግን ስኒው አለ፣ ጃንጥላውም አለ፤ የሚቆጣው የሚወድ ሰው ነው። ይኼው ነው! ለታካቶ ጻፈችለት። ‘የማንም እንዳልሆነ አየሁ፤ ነፃ ነው’ አላት። እስኪ አንዴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልስማው ብላ ማዳመጫውን ጆሮዋ ውስጥ ሰካች፤ ሀያሴ ሪትሱኮ በዚያ በጎረነነ ድምጿ ስኒውን አለች፣ ዝናቡን አለች፣ ጊታሩ ብቻውን ቀረ፤ ስትፈልገው የዋለችው እንቅልፍ ያኔ መጥቶ በአናቷ ደፋት።

ስትነቃ ስምንት ተኩል ነው። ፊቷን በአንድ እጅ እየታጠበች በሌላው ካልሲ ታጠልቃለች። ብስክሌቷን በተፈረፈረው በረዶ ላይ እየገፋች፣ እየጋለበች፣ እየተሳደበች፣ ስድስት ደቂቃ አርፍዳ ሦስተኛ ፎቅ ትደርሳለች፤ እዚህ አገር ስድስት ደቂቃ ማለት ስድስት ጊዜ ማጎንበስ ነው። ስምንት ሰው ጠባብ ሶፋ ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ የተጠበሰ ዶሮ አለ፣ ድንች አለ፣ ኦጊሃራ ሳን መሐል ላይ አበባ ታቅፈው፣ ሁሉም ስሙን የፈረመበትን ካርቶን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ካርቶኑ ላይ ስምንት ጊዜ ያህል ‘ጥሩ ልጅ’ ተጽፏል። የጆይሊን ጽሑፍ ጥግ ላይ ነው፤ ‘አመሰግናለሁ’ ብቻ። ኩሮዳ ሳን ተናገሩ፤ ከዚያ ጀልባቸውን ቀዘፉ። ሚትሱዬ ሳን ዘፍና ሳትጨርስ አለቀሰች። ሰዓቱ ይሮጣል። ዘፈን የሚመረጥበት ታብሌት ላይ ወረፋው ረዝሟል፤ ከጆይሊን በኋላ አራት ሰው ይጠብቃል።

ማይኩን ያዘች። ስክሪኑ ላይ የማታውቃቸው ወንድና ሴት ወደብ ዳር ይሄዳሉ። የዘፈኑ ስም ብቅ ሲል ኦጊሃራ ሳን አበባውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ጆይሊን ዘፈነች። ወደ ስክሪኑ አላየችም፤ ወደ ኦጊሃራ ሳንም አላየችም፤ ወደ ዶሮው ሳህን እያየች ዘፈነች። ስኒውን አለች። ዝናቡን አለች፤ ‘ደስ ይለኛል’ ላይ ድምጿ ተሰነጠቀ፤ ጃንጥላውን ሰቀለች። ጊታሩ ብቻውን ቀረ፤ ረዘመ። ኩሮዳ ሳን ሰዓታቸውን አዩ። ወረፋ ሲኖር ረጅም ዘፈን እስከ መጨረሻ አይያዝም፤ ጨዋ ሰው ከሁለተኛው አንጓ በኋላ ራሱ ያቋርጣል፤ ይህን ያስተማሯት ራሳቸው ኩሮዳ ሳን ናቸው፣ የመጣች ዓመት። ማቋረጫውን ተጫነች። “ረጅም ስለሆነ እዚህ ላይ ይብቃኝ” ብላ አጎነበሰች። ደስም አላት፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ወጉን አልሳተችም።

ማንም አላጨበጨበም።

“ጆይ ሳን” አለ ታካቶ በሹክሹክታ። “ሦስተኛውስ?”

“የቱ ሦስተኛ?”

“ይቅር የምትላት! ጃንጥላውን ይዛ ጣቢያ ድረስ የምትሮጥበት! ዘፈኑ እኮ ለእሱ ነው የሚዘፈነው!”

ጆይሊን ማይኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። በእንግዲህ የተባለው ተብሏል፤ ዝናብ ቢያገኝሽ ደስ ይለኛል፤ ለሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት፣ በስንብቷ ቀን፣ ወደ ታመመች እናቷ ስትሄድ፣ በማይክ። ኩሮዳ ሳን፣ “ማሽኑ ነው፣ ማሽኑ ነው ያቆመው! ይኼ ማሽን አምናም እንዲህ አድርጎናል” ይላሉ፣ እጇ ማቋረጫውን ሲጫን ግን ሁሉም አይቷል። ሚትሱዬ ሳን ለሁሉም ሻይ ትቀዳለች፣ ሻያቸውን ላልጠጡትም። ታካቶ ዘፈኑን ከሦስተኛው ለማስጀመር ታብሌቱን ይነካካል።

“ታካቶ፣ እጅህን ሰብስብ” አሉ ኦጊሃራ ሳን።

“ከመሐል ማስጀመር ይቻላል እኮ፣ አንዴ…”

“ሰብስብ አልኩህ። እኔ ያን ሦስተኛ አንጓ አልወደውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ገንዘብ ከፍዬ ስሰማት ያልወደድኩላት እሱን ብቻ ነው። ጥሎት የሄደን ሰው በሰባት ደቂቃ ይቅር የሚል ማን ነው?” ብድግ አሉ። “ጆይሊን፣ ነይ መጠጥ እንቅዳ።”

ኮሪደሩ ላይ፣ መጠጥ ከሚቀዳበት ማሽን ፊት ቆሙ። ከየክፍሉ የሰው ዘፈን እየተደበላለቀ ይወጣል። ኦጊሃራ ሳን ብርጭቆ አስቀምጠው አረንጓዴውን የሐብሐብ ሶዳ ተጫኑ፤ እንደ ልጅ።

“ኦጊሃራ ሳን፣ ይቅርታ፣ እኔ መጨረሻውን አላውቀውም ነበር፣ እርስዎ ሁልጊዜ እግር ላይ ሲደርሱ…”

“እናቴ ጋ መሄድ አልፈልግም” አሉ ኦጊሃራ ሳን።

ማሽኑ ጠብ ጠብ ብሎ አበቃ።

“ወንድሞቼ ተሰብስበው ወሰኑ። ያላገባሽው አንቺ ነሽ፣ ሙያውም አለሽ አሉ። እውነታቸውን ነው። ከእናቴ ጋር አንድ ቀን ተስማምተን አናውቅም። ለእናንተ ስነግራችሁ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ፣ ለምን እርስዎ አላለኝም። አጎነበሳችሁ። ጥሩ ልጅ አላችሁኝ። ጥሩ ልጅ የተባለ ሰው ደግሞ ምን ብሎ ይመለሳል? አንቺ ብቻ ነሽ የተቆጣሽው።”

“እኔ የተቆጣሁት ለራሴ ነው። ማን ያስተምረኛል ብዬ።”

“አውቃለሁ። ለራስሽም ቢሆን።” ሶዳውን ጠጡ። “ሁለት ሳምንት ያን የተቋጠረ ፊትሽን ባየሁ ቁጥር፣ መሄዴ የሚያስከፋው ሰው አለ ለካ እላለሁ። መቼም ደስ የሚል ፊት አልነበረም። እሺ፣ እሺ፣ እሺ! ወፍ ቢሆን እንኳ ዜማ ይለውጣል።”

ጆይሊን ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነ፤ እጅጌዋን ዓይኗ ላይ ያዘች። ኔሪሳን አሰበቻት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በየስልኩ መጨረሻ ጥሩ ልጅ ነሽ ስትላት፣ እንደ ሽልማት፣ እንደ መቆለፊያ። ለምን አንቺ ብላት አታውቅም። እንዴት ትላታለች፣ መልሱ እሷው ሆና።

“ፈተናውን ማለፌን አልነገርኩዎትም” አለች።

“አልነገርሽኝም። እሱስ በጣም አናዶኛል።” ኦጊሃራ ሳን ብርጭቋቸውን ሞሉ። “ነይ እንግባ፣ ሚትሱዬ ሻይ ስትቀዳ ሰው ታሰጥማለች።”

ገቡ። ታካቶ ማንም ያልጠየቀውን የቢራ ማስታወቂያ ዘፈን ብቻውን እየዘፈነ ነው፤ ኩሮዳ ሳን ከልባቸው ያጨበጭባሉ። በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ለበሩ የቀረበ ያነሳል፤ ጆይሊን አነሳች።

“ሰዓትዎ ሊያልቅ አስር ደቂቃ ቀርቶታል” አለ የእንግዳ መቀበያው ልጅ። “ይራዘምልዎ?”

ኩሮዳ ሳን ሰምተዋል፤ መዳፋቸውን እያወዛወዙ፣ አይሆንም፣ ባቡር አለ፣ ይላሉ። የኦጊሃራ ሳን ሻንጣ በሩ ሥር ቆሟል። ጆይሊን በዚህ አገር ስትኖር አንድም ቀን የሰው ፊት ዞር ብላ ሳታይ ለሁሉም መልሳ አታውቅም። ዞር አላለችም።

“ይራዘም” አለች።

“ለምን ያህል?”

“ሠላሳ ደቂቃ።”

“አንድ ሰዓት በዪው!” አሉ ኦጊሃራ ሳን ከኋላዋ፤ ታብሌቱን ከታካቶ እጅ ነጥቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዘፈን ይፈልጋሉ።

“ኦጊሃራ ሳን፣ ባቡሩስ?” አሉ ኩሮዳ ሳን።

“ይሂዳ” አሉ ኦጊሃራ ሳን፣ ቀና ሳይሉ።